በኮታ የተገጣጠመው ኮምፒውተር

«መግለጫ ቁጥር አንድ! ክቡራትና ክቡራን የዚህ ቤት ነዋሪዎች! ከዛሬ ዓርብ ከቀትር በኋላ ጀምሮ፣ ሌላ ትእዛዝ እስኪተላለፍ ድረስ፣ በዚህ ፎቅ ላይ ውኃ በኤሌክትሪክ ማፍላት፣ ልብስ መተኮስ፣ ፀጉር በማድረቂያ ማድረቅ፣ እንዲሁም ያለ በቂ ምክንያት የፍሪጅ በር ከፍቶ ውስጡን እያዩ መቆም በጥብቅ የተከለከለ ነው! ይህን ተላልፎ በተገኘ ማንኛውም ሰው ላይ የማያዳግም እርምጃ ይወሰዳል!»

አቡ ሱንዱስ ይህን ያወጀው በፒጃማ፣ ኮሪደሩ መሐል ቆሞ፣ አንድ እጁን እንደ ጄኔራል ወደ ኋላ አጥፎ ነው። ሞሱል ተወልዶ ያደገ የእሱ ዕድሜ ሰው የመፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎችን «መግለጫ ቁጥር አንድ» በራዲዮ እየሰማ ነው ጢም ያበቀለው፤ ዜማው አይጠፋውም። የሕዝቡ አቀባበል ግን ቀዝቃዛ ነበር። የሕዝቡ ግማሽ፣ ማለትም ሚስቱ ሂያም፣ ከወጥ ቤት «ታዲያ ሻዩን በምን ላፍላው፣ በመግለጫህ?» አለች። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም ልጁ ሱንዱስ፣ ጭራሽ አልሰማችውም። ማውሱን ወደ ግራ ገፋችው፤ ቀስቱ አልተነቃነቀም። ወደ ቀኝ ገፋችው፤ ያው ነው።

«ደገመው» አለች።

ስክሪኑ ላይ የአያቷ ቤት ግቢ ደርቆ ቆሟል። አንዲት እርግብ ክንፏን እንደዘረጋች አየር ላይ ተሰቅላ ቀርታለች። ፋኑ ግን ይዞራል፤ መብራቱም ቦግ ብሎ በርቷል። ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ኮምፒውተሩ፣ እንደ ብዙ መሥሪያ ቤት፣ ሥራ ላይ ነው።

የፈረሱ የድሮ ቤቶችን መልሶ የሚያቆም አንድ የኤርቢል ድርጅት ወጣት የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ይፈልጋል። አመልካቾች ከድሮዋ ሞሱል አንድ የፈረሰ ቤት መርጠው፣ ታድሶ ቢቆም ምን እንደሚመስል፣ ሰው ውስጡ እየተራመደ የሚያየው እስኪመስለው ድረስ በፊልም ሠርተው እንዲልኩ ጠይቋል። መቀበያው የሚዘጋው ዛሬ፣ የመግሪብ አዛን በሚባልበት ሰዓት ገደማ ነው። ሱንዱስ የአያቷን ቤት ድንጋይ በድንጋይ ሠርታ ጨርሳለች። የቀራት ነገር ቢኖር ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ብርሃንና ጥላ እያለበሰ እስኪያወጣቸው መጠበቅ ነው። ካወጣቸው ትልካለች። ካላወጣቸው እሑድ ጠዋት የአሞ ገዝዋን ሱቅ ገብታ የመጸዳጃ ሳህን ትሸጣለች።

ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም። አሞ ገዝዋን፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ወንበሯን ገዝተው ከነላስቲኩ ከባንኮኒው ጀርባ አስቀምጠውላታል። «ሥነ ሕንፃ፣ ሥነ ሕንፃ ትያለሽ» ይሏታል፣ ከልባቸው አዝነውላት። «የድንጋይ ቅስት አይቶ የሚያልፍ ሰው ሞልቷል። የኛን ዕቃ ግን አይቶ የሚያልፍ የለም። ሚኒስትሩም ይቀመጥበታል።»

ኮምፒውተሩ እንግዲህ እዚሁ ቤት የተገጣጠመ ነው፤ በኮታ የቆመ ጥምር መንግሥት ነው ቢባል ይቀላል። በቤተሰቡ ውስጥ ድምፅ ያለው ሁሉ አንዳንድ ወንበር ይዞበታል። ኬዙ፣ ፓወር ሰፕላዩና ሰፊው ሃርድ ዲስክ የአባቷ ድርሻ ናቸው፤ ሦስቱም ከእሱ ጋር ጡረታ የወጡ ይመስላሉ። ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና አንዲት ትንሽ ፈጣን ዲስክ ሱንዱስ ራሷ ገበያ ለገበያ ዞራ ለቅማለች። ራሞቹ፣ የማስታወሻ ሰሌዳዎቹ፣ ሁለት ናቸው። አንደኛውን የእናቷ ወንድም ኻሎ ሙሰና ከዱሆክ ላከላት። ይህን የሰሙት አሞ ገዝዋን «የአባት ወገን ሞቷል እንዴ?» ብለው በማግስቱ ሁለተኛውን አመጡ። ራሞቹም ጎን ለጎን ተሰኩ፤ የአባት ወገንና የእናት ወገን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ እንደ ሠርግ ቤት ሽማግሌዎች።

ኮምፒውተሩ ስታክ ማድረግ፣ ባለበት መድረቅ፣ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ይህን የምታውቀው ሱንዱስ ብቻ ናት። ማሽን የሚጠግን ማንኛውም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መጨረሻ የገባውን ዕቃ አውጥቶ ማየት ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን የራሳቸው ቤት ከአያቷ ቤት ጋር አብሮ ከፈረሰ ወዲህ የሚኖሩት በአሞ ገዝዋን ቤት፣ ፎቁ ላይ ነው። ሰውየው አንድ ቀን «ኪራይ» የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ እጁ ያመጣውን ስጦታ ብልሹ ነው ብሎ መንቀል፣ ያውም ዓርብ፣ ያውም በፊታቸው፣ ከየት የሚመጣ ድፍረት ነው? በዚህ ቤት ጥፋተኛ የሚፈለገው ከታች ወደ ላይ ነው። ሱንዱስም ፍለጋዋን በደንቡ መሠረት ከታች ጀመረች።

መጀመሪያ የተጠረጠረው መብራት ነው፤ መግለጫውም የወጣው ለዚሁ ነው። አባቷ ማንቆርቆሪያውን ነቀለ፣ ካውያውን ነቀለ፣ በስሜት ተገፋፍቶ የደጃፉን ደወል ሳይቀር ነቀለ። ሱንዱስ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው፤ ሥዕሎቹን ካቆመበት ቀጠለ። ያለቀው ሥዕል አይጠፋም፤ ያ እንኳ መልካም ነው። ግን ስታክ ባደረገ ቁጥር ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ ድንጋይ መልሶ ተሸክሞ እስኪቆም ድረስ ፀሐይዋ በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ አንድ ካሬ ትወርዳለች።

ጥቂት ሄደና ደረቀ።

ይሄኔ ነው በደረጃው ላይ የመቁጠሪያ ድምፅ የተሰማው። አሞ ገዝዋን ከምሳ በኋላ ነጭ ዲሽዳሻቸውን ለብሰው፣ እያለከለኩ ወጡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ምንድነው ፀጥታው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ» አለ አባቷ።

«አላህ ይማረው። ቀብሩ መቼ ነው?»

«በመግሪብ» አለች ሱንዱስ፣ ዘወር ሳትል።

አሞ ገዝዋን ሣቁና ከኋላዋ ያለው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሶፋው ጮኸ። ሊሄዱ አይደለም ማለት ነው፤ ሊያዩ ነው የመጡት።

«ሙቀት ነው» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «ግልጽ እኮ ነው። እኔስ ከምሳ በኋላ እንዲሁ ቀጥ እል የለ? ክፈቱለት፣ ይተንፍስ።»

የኬዙን ጎን ፈታች። አባቷ የቆመውን ፋን አምጥቶ ሆዱ ላይ ደገነበት። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠራረገችው። የሙቀት መጠኑን ስክሪኑ ላይ አየች፤ ከእሷ ይልቅ ኮምፒውተሩ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ጀመረ፤ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ያቺው እርግብ ሌላ ቅስት ሥር ተሰቅላ ቀረች።

«ቫይረስ ነው» አሉ አሞ ገዝዋን።

«አይደለም አሞ፣ አይቼዋለሁ።»

«ዓይን ነው በይኛ!»

«ማን ይቀናበታል አቡ ሌይስ፣ በዚህ ሬሳ?» አለች እናቷ፣ የባሏን ወንድም በልጃቸው ስም ጠርታ፣ ሻይ ይዛ ስትገባ። ሻዩ በጋዝ ነው የተፈላው፤ መግለጫው አልተጣሰም።

«ልጅቷን ነዋ! በማዕረግ ተመርቃ፣ መልክ ከነሙሉ ጤና...» አሉና ብርጭቆውን ተቀብለው፣ «እሑድ ደግሞ ወደ ሥራ ልትገባ» ብለው ጨመሩ። የመጨረሻዋ ቃል ክፍሉ ውስጥ እንደ ዝንብ ዞረች። ማንም አላባረራትም።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ የአባቷ ሃርድ ዲስክ ነበር። ሱንዱስ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ክር ክር፣ ክር ክር ይላል። ከፈተችውና ውስጡን አየች፤ ጢም ብሏል። የአሞ ልጅ የሌይስ ሠርግ ከአራት ማዕዘን የተቀረጸ፣ አባቷ ሲያስተምር ያወጣቸው የድሮ ፈተናዎች፣ የእናቷ የምግብ አሠራር ቪዲዮዎች፣ ያንኑ ሠርግ ደግሞ እንደገና። ኮምፒውተሩ አንዲት ነገር ባስፈለገችው ቁጥር በዚህ ሁሉ ጭፈራ መሐል እየተጋፋ ያልፋል።

«ለዝግመቱ ይሄ ነው ምክንያቱ» አለች። «ባባ፣ ይውጣ?»

አባቷ ደረቱን ነፋ። «ይውጣ! እኔ ወንበር የሙጥኝ የምል ሰው አይደለሁም። ሥልጣኔን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ!»

«በታሪካችን የመጀመሪያው ነህ» አለች እናቷ።

ዲስኩ ወጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሁሉም ልዩነቱን አየው፤ እንደ ታጠበ ልጅ ብድግ አለ። ሥራውን ከትንሿ ፈጣን ዲስክ ላይ ቀጠለ። ሥዕሎቹ ይከታተሉ ጀመር። ሱንዱስ ትከሻዋ ከጆሮዋ ሲወርድ ተሰማት። ምናልባት ተሳስታ ይሆናል፤ ምናልባት ጥፋቱ ሁሉ የዲስኩ ነበር። ማንንም ሳታስቀይም መዳን ይቻል ይሆናል። የሥራውን ሂደት የሚያሳየው መስመር ግማሹን አለፈ። አባቷ ማጨብጨብ ጀመረ።

መስመሩ ቆመ። ቀስቱም ቆመ። አባቷ አንዱን መዳፍ ከሌላው ጋር ሳያገናኝ ቀረ።

ፀሐይዋ ከፍርግርጉ የታችኛው ረድፍ ላይ ደርሳለች።

እንግዲህ የቀሩት ራሞቹ ናቸው። ሱንዱስ ይህን ጮክ ብላ ተናገረችው። «ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሲበዛ የተበላሸው ቦታ ላይ ይደርስና ይደርቃል። አንዱን አውጥቼ በሌላው እሞክራለሁ።»

ከእሷ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው አለ፤ ሦስቱም «የቱን?» ብለው አልጠየቁም። እናቷ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች፤ ያልተጠጣውን ጭምር። አሞ ገዝዋን መቁጠሪያቸውን አቁመዋል።

ሱንዱስ እጇን ወደ ኬዙ ሰደደች። ጣቷ በአሞ ገዝዋን ራም ላይ አለፈ፤ አለፈና የኻሎ ሙሰናን ያዘ። ኻሎ ሙሰና ዱሆክ ነው ያለው፤ አይሰማም፣ አያይም፣ ፎቅም የለውም።

«አሃ!» አለች እናቷ። «የወንድሜን ነው መጀመሪያ?»

«እማማ፣ ከአንዱ መጀመር አለብኝ እኮ።»

«ገባኝ። ሁልጊዜ ከኛ ወገን ነው የሚጀመረው። ሙሰና እኮ ይሄን ራም አዲሱን፣ በእሽጉ ነው የላከው!»

«ሂያም፣ ምን አለበት» አሉ አሞ ገዝዋን፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ዕቃ ዕቃ ነው። ከዱሆክ ሲመጣ መንገድ ላይ ተንገላቶ ይሆናል። የኔው ግን ከሱቄ ኮምፒውተር ላይ በእጄ ነቅዬ ያመጣሁት ነው፤ ስንት ዓመት ሠርቶበታል!»

እናቷ ራሙን ተቀብላ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ፣ በመሐረብ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ኮምፒውተሩ በአሞ ገዝዋን ራም ብቻ ተነሣ። ሱንዱስ ሥራውን አስጀመረች። ከኋላዋ የሦስት ሰው ትንፋሽ ይሰማታል። አንድ ሥዕል ወጣ፤ ደህና ነው። ሁለተኛው ወጣ፤ የግቢው ግድግዳ ላይ ማንም ያልቀባው ሐምራዊ ጭረት አለበት። ሦስተኛው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ደረቀ።

የኻሎ ሙሰና ራም ጠረጴዛው ላይ፣ በመሐረቡ ውስጥ፣ ንጹሕነቱ ተረጋግጦ ተኝቷል። ኬዙ ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው። አባቷ ጣሪያውን ያያል። እናቷ ግን አሞ ገዝዋንን ነበር የምታየው፤ አንዲት ቃል በምላሷ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ከወጣች ቤተሰቡ ለአንድ ዓመት አብሮ ማዕድ አይቀርብም።

ሱንዱስ አፏን ከፈተች። «አሞ...» አለች። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቷል፤ አጭር ነው፤ ጨዋ ነው። አልወጣም። ያ ወንበር ታያት፣ ከነላስቲኩ። ደግሞ ከጦርነቱ የሸሹበት ቀን ታያት፤ እኒሁ ሰውዬ በሩን ከፍተው፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ ፎቅ ሲያወጡላቸው።

«አቤት ልጄ?»

«ምንም። ሻይ ልጨምርልዎት ወይ ብዬ ነው።»

«በቃኝ። እኔ እንደሚመስለኝ...» አሉ አሞ ገዝዋን፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔ እንደሚመስለኝ መብራቱ ነው።»

መብራቱም ይህን የሰማ ይመስል ጠፋ።

ፋኑ እየተንቀራፈፈ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳይነጋገር ተበተነ። አባቷ ወደ ሰፈሩ ጀነሬተር የሚያዞረውን ማብሪያ ሊመታ በደረጃው ወረደ። እናቷ ፍሪጁን ልትነቅል ሮጠች። ሱንዱስ ጣሪያ ላይ ወጣችና በቧንቧዎቹ መሐል ተንጠላጥላ ጮኸች፤ «አቡ ሪያድ! መስመር! የኛ መስመር!»

«ይመጣል፣ እህቴ!» አለ የጀነሬተሩ ሰውዬ ከታች። «ምን ያስቸኩልሻል፣ ሙሽራ አለሽ?»

«የባሰ ነገር ነው ያለኝ!»

ፀሐይዋ ከወንዙ ማዶ ካሉት ሕንፃዎች ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሱንዱስ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረደች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግን ባለችበት ቆመች።

ቀጭ።

ከክፍሉ ውስጥ ነው። ያንን ድምፅ በእንቅልፍ ልቧም አትስተውም፤ ራም ሲለቀቅ መያዣው የሚያሰማው ድምፅ ነው። ቀጥሎ ትንሽ ዝምታ፣ ጨርቅ የሚፈታ ዓይነት ኮሽታ። ከዚያ ቆርቆሮ ተፋጨና፣ ዝቅ ያለ የሽማግሌ ድምፅ «የተረገመ ላሜራ!» አለ። ደግሞ ቀጭ፤ ደግሞ ቀጭ፤ በሁለቱም በኩል።

ክፍሉ ውስጥ የቀሩት አሞ ገዝዋን ብቻ ናቸው።

ሱንዱስ ትንፋሿን ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች። ኮሪደሩ ጫፍ ደርሳ ስሊፐሯን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ እያሳለች፣ በሩን እያንኳኳች መጣች። ስትገባ አሞ ገዝዋን ሶፋው ላይ ናቸው፤ ቀኝ እጃቸውን የዲሽዳሻቸው ኪስ ውስጥ ጨምረው መስኮቱን ያያሉ። የኬዙ ጎን ተዘግቷል፤ ተንጋዶ፣ ግን ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው መሐረብ የለም።

መብራት መጣ።

ኮምፒውተሩን አስነሣችው። ያለው ራም ግማሽ ነው፤ ይከብደዋል። ለማቅለል የግቢውን እርግቦች ሁሉ አጠፋች። የጎረቤት ጣሪያዎችንም አጠፋች። በግቢው መሐል ያለችውን የብርቱካን ዛፍ ግን ተወቻት። ሥራው ጀመረ። ይንቀራፈፋል፤ ግን ይሄዳል።

እናቷ ገባች፤ አባቷ ገባ። ማንም አልተቀመጠም። አንድ ሥዕል፤ ንጹሕ። ሌላ ሥዕል። ሐምራዊ ጭረት የለም። እናቷ ሻይ ለአሞ ገዝዋን ዘረጋች፤ ሰውየው በግራ እጃቸው ተቀበሏት። ሌላ ቀን ቢሆን ልጅ በግራው ሲቀበል ቢያዩ የሚቆጡ ሰው ናቸው።

የመጨረሻዎቹ ሥዕሎች ላይ መስመሩ ቆመ።

ሱንዱስ ማውሱን አልነካችም፤ ፈራች። አባቷ «ኦ» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ከኋላዋ የአሞ ገዝዋን ድምፅ መጣ፣ የሚለምን የሚመስል፤ «ሂድ እንጂ... ሂድ፣ አንተ ግም...»

መስመሩ ሄደ።

ሥዕሎቹ ተሰፍተው ፊልም ሆኑ። መላኪያው ተከፈተ። ኢንተርኔቱ ዓርብ ከሰዓት እንደሆነ ያውቃል፤ ተጎተተ። ሰማዩ ቀልቷል። ከሰፈሩ መስጊድ ድምፅ ማጉያው ኮሽ አለ፤ ሙአዚኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ሱንዱስ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀብራ ቆማለች። «አላሁ አክበር» ሲል ስክሪኑ ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ ብቅ አለች፤ «ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።»

እናቷ እልል አለች። አባቷ መግለጫ ቁጥር ሁለት ሊያውጅ እጁን ወደ ኋላ አጠፈ፤ ግን እንባው ቀደመው። ሱንዱስ ወንበሩ ላይ እንደ ጆንያ ወረደች።

«ታዲያ ምኑ ነበር?» አለ አባቷ አፍንጫውን እየጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው፤ መንስኤ ሳያገኝ አይተኛም። ተንጋዶ የተዘጋውን የኬዙን ጎን አንሥቶ ጎንበስ አለ። «ቆይ፣ አንዱ የለም... ሂያም፣ ያለው የሙሰና ነው። ገዝዋን፣ ያንተስ ራም?»

አሞ ገዝዋን ተነሡ። ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው ሲወጣ አውራ ጣታቸው በእናቷ መሐረብ ተጠቅልሏል፤ መሐረቡ ደም ነክቶታል። እናቷ አየችው፤ ዓይኗን ወደ ሱንዱስ መለሰች፤ ሱንዱስ ደግሞ ወደ መሬት።

«እጅህን ምን ሆንክ?» አለ አባቷ።

«ሶላት ደርሷል» አሉ አሞ ገዝዋን፣ ወደ በሩ እየሄዱ። በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «እሑድ ጠዋት ሱቅ አትምጪ» አሏት ሱንዱስን። «ወንበሩን ለሻጩ እመልሰዋለሁ።»

«ኧረ ገዝዋን፣ መልሱን ገና ሳንሰማ? ደግሞስ ራሙን ማን ነቀለው? በአላህ፣ ምን አድርገህ ነው? ንገረን እንጂ!» አለ አባቷ።

አሞ ገዝዋን ነጠላ ጫማቸውን በግራ እጃቸው እያስተካከሉ አጠለቁ። ቀና አላሉም።

«አላብራራም» አሉ።